ፍርሃታችን የት ላይ ይሁን? ስለ ስልክ ሕመም፣ ስለ ጎጂ አፕና ስለ ሐሰተኛ ቁጥር

  አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የእጅ ስልክና ደህንነቱ የሚል ነው። ሁሉን ልንገራችሁ ብል ይነጋብናል፤ ስለዚህ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ስልካችን ስንፈራ የምንፈራው ያለቦታው ነው እላለሁ። ስልኩ ሲግል፣ ሲንቀራፈፍ፣ ስናወራ ድምፃችን መልሶ ሲያስተጋባ እንደነግጣለን፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የሌለባቸው ምልክቶች ናቸው። ኔትወርክ ድንገት ጠፍቶ አልመለስ ሲል፣ ሳንደውል ካርድ ሲያልቅ፣ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው “የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ” ሲለን ግን ልባችን አይመታም። ሌባው የሚገባው በዚህኛው በር ነው።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ስልኩ ራሱ ሲታመም የሚያሳየውን እናያለን። ቀጥሎ ጎጂ አፕ በየት በኩል እንደሚገባ እናገራለሁ። ረዘም ያለውን ጊዜ የምሰጠው ግን ለሦስተኛው ነው፤ እሱም ስልካችን ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ነው።

ከስልኩ ሕመም ልጀምር። ስልኩ የተንቀራፈፈበት ሰው ወደ ሞባይል ጥገና ጎራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፍላሽ ይደረግ” የሚል ነው። ጠጋኞችን በጅምላ መውቀሴ አይደለም፤ ከጤፍ ያነሰ ዕቃ ነቅለው የሚተክሉ፣ እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉን። ፍላሽ ማድረግ ግን ለሠሪው ቀላል፣ ለባለስልኩ ውድ ሥራ ነው። ኮፒ ያልተያዘለት ፎቶ፣ የተመዘገበ ስልክ ቁጥር፣ የሟች ወላጅ ድምፅ ሳይቀር አብሮ ይጠፋል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት የሚታዩ ተራ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስቶሬጁ ነው። ስልክ ለራሱ ሥራ የሚሆን ባዶ ቦታ ካጣ ይንቀራፈፋል፤ የከፈትነውን አፕ ይዘጋብናል፤ ካሜራውም ፎቶ አላስቀምጥም ይላል። በእኛ አገር የዚህ ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። አባል የሆንባቸው ቻናሎችና ግሩፖች የሚለቁት ቪዲዮ ሳናስበው ስልካችን ላይ ይከማቻል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስለ ዳታና ስቶሬጅ የሚናገረውን ክፍል ከፍቶ ካሹን ማጽዳት ብዙ ጊጋባይት ያስለቅቃል። ላኪው ራሱ ካልሰረዛቸው በቀር ፋይሎቹ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ በፈለጋችሁ ጊዜ መልሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ።

ሌላው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም ያረጃል። አፕል ስለ አይፎን 14ና ከዚያ በፊት ስለወጡት ስልኮቹ ሲናገር፣ ባትሪው 500 ሙሉ ዙር ከተሞላ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው ይላል። በየቀኑ አንድ ሙሉ ዙር ለሚጨርስ ሰው ይህ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ያረጀ ባትሪ ስልኩን ከማስጠፋት አልፎ ፍጥነቱንም ሊነካ እንደሚችል ዓለም የተማረው ከዚሁ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አፕል የአንዳንድ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር ዝቅ ያደርግ እንደነበር አመነ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የደከመ ባትሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ስልኩ ድንገት ድርግም ስለሚል ነው አለ። ምክንያቱ የሚያሳምን ነበር፤ ለባለቤቶቹ ሳይነገር መደረጉ ግን ቁጣ አስነሣ። ኩባንያው የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ ክሱን ለመዝጋት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በዚያን ጊዜ ስንቱ ሰው ስልኬ ተጠልፏል ብሎ ሰግቷል፣ ስንቱስ አዲስ ስልክ ገዝቷል! መድኃኒቱ ባትሪ መቀየር ብቻ ነበር።

ስለ ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ቻርጅ ላይ ሰክተን ቪዲዮ ስናይ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ስልኩ ይግላል። ከከተማ ወጣ ስንል ደግሞ ኔትወርክ ስለሚደክም ስልኩ ከራቀው ምሰሶ ጋር ለመገናኘት ኃይሉን ጨምሮ ይጣራል፤ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውና ኪሳችንን የሚያሞቀው ለዚህ ነው። ቫይረስ የለበትም፤ ርቀት ነው። ጥሪ ላይ የራሳችንን ድምፅ መልሰን መስማታችንም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምናነጋግረው ሰው ስፒከር የወጣው ድምፃችን በእሱው ማይክ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። በኩባንያው ኔትወርክ ውስጥ የሚደረግ የስልክ ጠለፋ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ የለውም፤ ቂው ቂው የሚለው የፊልም ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ አሉባልታ ላንሣ። “*#21# ብላችሁ ደውሉ፤ ስልካችሁ ከተጠለፈ ይነግራችኋል” የሚል ምክር በየማኅበራዊ ገጹ ይዞራል። ኮዱ እውነተኛ ነው፤ ምክሩ ግን ልክ አይደለም። ይህ ኮድ የሚነግረን ለእኛ የሚመጡ ጥሪዎች ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞሩ ታዘው እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው። ጥሪ ማዞር ደግሞ በብዙ ኔትወርኮች ላይ ለማንኛውም ደንበኛ የተፈቀደ አገልግሎት ነው። የሚገርመው የዚህ ኮድ ወንድም የሆነው በእውነት ሰው ያስዘርፋል። *21* ብሎ ጀምሮ የሌላ ሰው ቁጥር አስከትሎ በ# የሚዘጋውን ኮድ አጭበርባሪው “መስመርዎን ለማስተካከል ነው፤ ይህን ይደውሉ” ብሎ ካስደወለን፣ ከዚያ በኋላ ለእኛ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ እሱ ዘንድ ይደውላል። ብዙ አገልግሎቶች የማረጋገጫ ኮድን በድምፅ ጥሪም ስለሚሰጡ፣ ዋትስአፓችንን በራሱ ስልክ ላይ ለመክፈት ይህ ይበቃዋል። በኮከብ የሚጀምር ነገር ደውሉ የሚላችሁን የማታውቁትን ሰው አትስሙት። የተዞረ ጥሪ ካለ ##002# ብሎ መደወል ማዞሪያዎቹን ያጠፋል።

ቅድም ካልኳቸው የማያስደነግጡን ምልክቶች አንዱ ኔትወርክ መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ምሰሶ ሲበላሽ ኔትወርክ መጥፋቱን ስለለመድነው “ይመጣል” ብለን ስልካችንን ኪሳችን እንከታለን። ጎረቤታችን በዚያው መስመር እያወራ የእኛ ብቻ ከጠፋ፣ ስልኩን አጥፍተን ስናበራው ወይም ሲሙን አውጥተን ስንመልሰው ካልተነሣ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው በእኛ ስም ምትክ ሲም አውጥቶ እንደሆነ የእኛ ሲም በዚያች ደቂቃ ይሞታል፤ የባንክ መልእክቱም ኮዱም ወደ እሱ ይሄዳል። ይህ የሚደርሰው ባልተማረ ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 የትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው የጃክ ዶርሲ የገዛ አካውንቱ የተያዘበት ስልክ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ስለገባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የሰው ስልክ ተውሳችሁ ወዲያው ለቴሌኮም ኩባንያው ደውሉ፤ በኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። ቀጥሎ ለባንካችሁ ደውሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ስልኩ ሲንቀራፈፍ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም ስል፣ ጎጂ አፕ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ወደ እኛም አገር ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለው ኩባንያና በዝፊድ ኒውስ የተባለው የዜና ድርጅት ያወጡት ምርመራ፣ ቴክኖ ደብልዩ2 የተባሉ ርካሽ ስልኮች ገና ከካርቶናቸው ሲወጡ ትራያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ጎጂ ፕሮግራሞችን ተሸክመው እንደነበር አሳየ። ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካም አሉበት። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ስልኩን ለሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ይመዘግቡታል። ድሃ የገዛው ስልክ፣ ድሃ የሞላው ካርድ በጠብታ ጠብታ ያልቃል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ጥፋቱ በምርት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ አቅራቢ የመጣ ነው፤ ማስተካከያም ለቅቀናል አለ። ኤክስሄልፐር ስልኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ቢነሣ እንኳ ተመልሶ ብቅ በማለት የታወቀ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ቴክኖ አትግዙ የሚል ምክር አይደለም። ያ ስልክ የሰጠው ምልክት ምን እንደነበር ልብ እንበል፤ ሳይጠቀሙበት የሚያልቅ ካርድና ዳታ ነበር። ስለዚህ ካርዳችሁ ያለ ምክንያት ሲያልቅ “ቴሌ በላብኝ” ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት 994 ደውላችሁ መስመራችሁ በየቀኑ ለሚያስከፍል የአጭር ቁጥር መልእክት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ተመዝግቦ ከተገኘና እኔ አልተመዘገብኩም ካላችሁ አሰርዙት። ሲሰረዝ ተመልሶ የሚመዘገብ ከሆነ ያን ጊዜ ስልኩን መጠርጠር ተገቢ ነው። በሴቲንግ ውስጥ የትኛው አፕ ስንት ሜጋባይት እንደጨረሰ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ ስሙን የማታውቁት አፕ ከላይ ተቀምጦ ካገኛችሁት እሱን ያዙ።

ከፋብሪካ ይዘው የመጡት ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጎጂ አፕ የምናስገባው ራሳችን ነን፤ በራችንን ከፍተን፣ ፍቀድ የሚለውን በጣታችን ነክተን። በቴሌግራም የሚላክ፣ መጨረሻው .ኤፒኬ የሆነ ፋይል የዚህ ዋና መንገድ ነው። የሚከፈልበትን አፕ በነፃ የሚሰጥ፣ ኳስ በነፃ የሚያሳይ፣ ብድር በአምስት ደቂቃ የሚያስገኝ ነኝ ይላል። አንድሮይድ “ይህ ምንጭ አይታወቅም” ብሎ ይጠይቀናል፤ እኛም ለኳሱ ስንል እሺ እንላለን። ከገባ በኋላ ሁለተኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አደገኛው ይህ ነው። ማየትና መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ታስቦ የተሠራ፣ አክሰሰቢሊቲ የሚባል የአንድሮይድ ክፍል አለ። ይህን ፈቃድ ያገኘ አፕ በስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብባል፤ በእኛ ጣት ምትክ ይነካል። ባንክ ስንከፍት ያየናል፤ ስንተኛም ራሱ ሊከፍተው ይችላል። በአውሮፓ በጥቅል ዕቃ አመላላሽ ስም በአጭር መልእክት ይዛመት የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ፖሊሶች ትብብር የተቋረጠው ፍሉቦት የተባለው ተባይ የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ኳስ የሚያሳይ አፕ የማየት ችግር ላለበት ሰው የተሠራን ፈቃድ ለምን ይፈልጋል? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው።

የተጠረጠረን አፕ ለማውጣት ፍላሽ ከማስደረግ በፊት ሴፍ ሞድ የሚባለውን ሞክሩ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የማጥፊያው ምልክት ሲመጣ ተጭኖ በመቆየት ይገባበታል። በዚያ ሁኔታ ስልኩ ራሳችን የጫንናቸውን አፖች ሳያስነሣ ይከፈታል። ችግሩ በሴፍ ሞድ ከጠፋ ጥፋተኛው ከጫንናቸው አንዱ ነው፤ ከቅርብ ጊዜው ጀምሮ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። እንቢ አልወጣም የሚለውን አስቀድሞ ከአክሰሰቢሊቲና ከስልኩ አስተዳዳሪነት ፈቃድ ማውረድ ያስፈልጋል። በነፃ የሚገኙትን “ክሊነር” እና “ራም ቡስተር” የሚባሉ አፖች ግን ባትጭኗቸው እመርጣለሁ፤ ከብዙዎቹ የሚተርፈን ማስታወቂያ ነው።

ስለ መንግሥታትና ስለ ውድ የስለላ ፕሮግራሞች የሚጠይቀኝ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ባጭሩ ልንካው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ይሸጠው በነበረው የስለላ ፕሮግራም ዒላማ እንደሆኑ አሳይቷል። በሚሊዮን የሚሸጥ መሣሪያ እንኳ የመጣባቸው በስካይፕ የተላከ ፋይል መስሎ ነው። ሳይነኩት የሚገባም አለ፤ በ2021 አፕል በአስቸኳይ የደፈነው፣ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ፕሮግራም ይገባበት የነበረው ቀዳዳ እንደዚያ ነበር። ያ ግን የሚተኮሰው በስም በታወቀ ሰው ላይ ነው፤ ለጋዜጠኛና ለፖለቲከኛ የሚገባ ስጋት ነው። ለሌሎቻችን የስልኩን ማዘመኛ ሳያዘገዩ መጫን በቂ መልስ ነው።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ደርሰናል። ስልካችን ይደውላል፤ ቁጥር ወይም ስም ይታያል። ያን ቁጥር የምናየው እንደ መታወቂያ ካርድ ነው። እኔ የምለው ግን በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ የላኪ አድራሻ እዩት ነው። ፖስተኛው ደብዳቤውን የሚያደርሰው የተቀባዩን አድራሻ ተከትሎ ነው፤ ላኪው የራሱን ይጻፍ የጎረቤቱን አይመረምርም።

ለምን እንዲህ ሆነ? የስልክ ኩባንያዎች ጥሪን እርስ በእርስ የሚያስተላልፉበት ኤስኤስ7 የሚባለው ሥርዓት የተነደፈው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን የስልክ ኩባንያ ማለት በየአገሩ አንድ ወይም ጥቂት፣ ብዙ ጊዜም የመንግሥት የሆነ ትልቅ ድርጅት ነበር። ሁሉም ስለሚተዋወቁ አንዱ “ይህ ጥሪ ከዚህ ቁጥር ነው” ሲል ሌላው አምኖ ይቀበል ነበር። በኋላ ኢንተርኔት መጣና ማንም በትንሽ ገንዘብ ሰርቨር ተከራይቶ ጥሪ ወደዚህ መረብ ማስገባት ቻለ። የደዋዩ ቁጥር የሚጻፍበትን ቦታ የሚሞላው እሱ ራሱ ነው፤ አሮጌው መተማመን ግን በቦታው ቀረ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ሃምቡርግ ላይ በተደረገ ጉባኤ ቶቢያስ ኤንገልና ካርስተን ኖል የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የዚህን ሥርዓት ቀዳዳዎች በአደባባይ አሳዩ። በ2017 ደግሞ በጀርመን ሌቦች በዚሁ መንገድ ለባንክ ደንበኞች የሚላከውን የማረጋገጫ መልእክት ወደ ራሳቸው አዙረው ሒሳብ ባዶ እንዳደረጉ ታወቀ።

ቁጥር ማስመሰል ምን ያህል እንደሚያስዘርፍ ለማየት አሜሪካን እንመልከት፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በዳላስ፣ በአትላንታ ለሚኖረው ወገናችንም የሚነካው ነው። በሕንድ የተቀመጡ የጥሪ ማእከሎች የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤትን ወይም የኢሚግሬሽንን ቁጥር እያሳዩ ይደውሉ ነበር። “ግብር አለብህ፤ ዛሬ ካልከፈልክ ፖሊስ በርህ ላይ ነው” ይላሉ። ያጠመዱት ብዙውን ጊዜ አረጋውያንንና አዲስ መጤዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕንድ ፖሊስ ሙምባይ አጠገብ ያሉ ማእከሎችን ሲወር፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም ብዙዎችን ከሰሰ፤ በ2018 በሂዩስተን ከተፈረደባቸው መካከል 20 ዓመት የተቀጣ አለ። በዚያው በ2018 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ሌላ ዓይነት ጥሪ አስጠነቀቀ፤ የቻይና ቆንስላ ነን እያሉ በማንዳሪን ለቻይናውያን የሚደውሉ ነበሩ። ለእኛ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ሰው በባዕድ አገር ሆኖ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጠሩት ጥርጣሬው ይላላል። ነገ በአማርኛ “ከኤምባሲ ነው የምደውለው፤ በፓስፖርትዎ ላይ ችግር ተገኝቷል” የሚል ቢመጣ አማርኛው ስለ ጠራ ሰውየው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ በተገላቢጦሽ ይጨነቃል። የማያውቁት ሰዎች እየደወሉ “ደውለህልኝ ነበር” ይሉታል፤ እሱ አልደወለም። ስልኬ ተጠልፎ ከኪሴ ሆኖ እየደወለ ነው ብሎ ሊሰብረው ይደርሳል። የሆነው ሌላ ነው። አጭበርባሪው የዘፈቀደ ቁጥር ሲጽፍ የእሱ ደርሶበታል፤ ስልኩ አልተነካም። አጭበርባሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቁጥር ይይዙና የእሱን በቀናት ውስጥ ይተዉታል። ስልኩን ፍላሽ ማስደረግ ምንም አይፈይድም።

አገር ቤት ያለው ማጭበርበር፣ እኔ እስከማየው፣ አብዛኛው ቁጥር ማስመሰልም አላስፈለገውም። ከተራ 09 ወይም 07 ቁጥር ይደወላል፤ የሚመሰለው ድምፁና ማዕረጉ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ፣ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ሆነ፤ ሌባውም ወደ ስልክ መጣ። “ከቴሌ ነው፤ ዕጣ ወጥቶልዎታል” ይላል፤ ወይም ብር የገባ የሚያስመስል መልእክት ልኮ “በስህተት ልኬብዎት ነው፤ እባክዎ ይመልሱልኝ፤ ለታመመች እናቴ ነው” ይላል። መልካምነታችንን ነው የሚሰርቀው። ከመመለሳችሁ በፊት መልእክቱን ተዉትና *127# ደውላችሁ ሒሳባችሁን እዩ። እዚያ ያልገባ ብር አልተላከም። የላኪው ስም ባንካችሁን ቢመስልም አትርኩ፤ የአጭር መልእክት ላኪ ስምም እንደ ደዋይ ቁጥር ሊመሰል ይችላል፤ ስልኩም ሐሰተኛውን ከእውነተኞቹ ጋር በአንድ መስመር ይደረድረዋል።

የእኛን ባህል የሚጠቀም ሌላም አለ። ሚስኮል በእኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ደርሻለሁ፣ ደውልልኝ፣ ካርድ የለኝም፣ ሁሉንም ይናገራል። ከማናውቀው ሩቅ አገር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ቁጥር ይህን ልማድ ያጠምዳል። መልሰን ስንደውል በጣም ውድ በሆነ መስመር ላይ እንገባለን፤ ከሒሳቡም ድርሻ ለአጥማጁ ይደርሰዋል። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል። ዘመድ ከሆነ እንደገና ይደውላል።

መንግሥታት ምን አደረጉ ብትሉ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ጥሪን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ አዘዘች፤ ትልልቆቹ እስከ ጁን 30 ቀን 2021 እንዲጀምሩ ተደረገ። ስተር/ሼክን ይባላል። ጥሪውን ያስነሣው ኩባንያ “ይህን ደንበኛ አውቀዋለሁ፤ ቁጥሩም የእሱ ነው” ብሎ ይፈርማል። ፊርማው ግን በኢንተርኔት መንገድ ለሚሄድ ጥሪ እንጂ ለአሮጌው መስመር አይሆንም፤ ፈራሚውም ሰው ነው። በጃንዋሪ 2024 በኒው ሃምፕሸር የፓርቲ ምርጫ ዋዜማ ብዙ ሰዎች በፕሬዚዳንት ባይደን ድምፅ “አትምረጡ” የሚል ጥሪ ደረሳቸው። ድምፁ በኮምፒዩተር የተፈበረከ ነበር፤ የታየው ቁጥር የቀድሞ የፓርቲው የግዛት ሊቀመንበር የሆኑ ሴት ቁጥር ነበር። ጥሪውን ያሳለፈው ሊንጎ ቴሌኮም ከፍተኛውን የማረጋገጫ ደረጃ ሰጥቶት ነበር፤ በኋላ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ጠንሳሹም ስድስት ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ድምፁም፣ ቁጥሩም፣ ማኅተሙም በአንድ ጥሪ ላይ ሐሰት ሆኑ።

ታዲያ ምን ቀረን? አንድ ቀላል ነገር ቀርቶናል፤ ስልኩን ዘግቶ በምናውቀው ቁጥር መልሶ መደወል። ይህ የሚሠራው በምክንያት ነው። አጭበርባሪው የሚጽፈው የመጣውን ጥሪ ቁጥር ብቻ ነው፤ እኛ ስንደውል ግን መረቡ ጥሪውን የሚወስደው ለቁጥሩ እውነተኛ ባለቤት ነው። ስለዚህ ባንክ ነኝ የሚለውን “እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ” ብላችሁ ዝጉና በካርዳችሁ ወይም በደብተራችሁ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ። እውነተኛ ሠራተኛ በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ፣ የሚያጣድፍ፣ “ስልኩን እንዳትዘጋው” የሚል ከሆነ መልሱን ራሱ ሰጣችሁ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። በደቡብ ኮሪያ የተገኘ ፌክኮልስ የተባለ ጎጂ አፕ ስልኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ባለቤቱ ለባንኩ ሲደውል ጥሪውን ጠልፎ ወደ ሌቦቹ ያዞረው ነበር። አፕ “ዋናው የጥሪ አፕ ልሁን” ሲላችሁ ለምን በሉት።

ለቤተሰብ ጥሪ ደግሞ የቤተሰብ መፍትሔ አለ። ልጃችን በአረብ አገር ካለች፣ ወንድማችን በመንገድ ላይ ካለ፣ “ታስሬያለሁ፤ ገንዘብ ላኩ” የሚል ድምፅ ሊመጣብን ይችላል፤ እሷን የሚመስል ድምፅ መሥራት ዛሬ ከባድ አይደለም። በማኅበራዊ ገጽ ላይ ያልወጣ፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ተስማሙ። አያታችሁ ላሚቱን ማን ብለው ይጠሯት እንደነበር አጭበርባሪ አያውቅም። ስለ ቴሌግራም ኮድም ደንቡ አንድ ነው። ወዳጃችሁ ከራሱ አካውንት “ለዚህች ልጅ ድምፅ ስጡልኝ” ብሎ ሊንክ ቢልክና ገጹ ስልክ ቁጥራችሁንና የደረሳችሁን ኮድ ቢጠይቅ፣ የወዳጃችሁ አካውንት አስቀድሞ ተይዟል ማለት ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ የቴሌግራምን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ከዚያም አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ከፍታችሁ የማታውቁትን አስወጡ።

ከተሸወዳችሁስ? ብዙ ሰው ስለሚያፍርበት ዝም ይላል፤ ሌባውም የሚፈልገው ይህን ዝምታ ነው። ብሩ ከተቀባዩ ሒሳብ ወደ ሌላ እስኪዛወር ወይም በወኪል እጅ በጥሬ እስኪወጣ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለልጅ ወይም ለጓደኛ ሳይሆን ለባንኩ ወይም ለገንዘብ አገልግሎቱ ነው፤ ሒሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። መልእክቱን በንዴት አትሰርዙት። የደወለውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የዝውውሩን ማጣቀሻ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ የስክሪኑን ፎቶ አንሡ። ከዚያ ፖሊስ ጋ ሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ሥርዓት የሚፈጸምን ማታለል ወንጀል ብሎ ይደነግጋል፤ “በራስህ እጅ ነው የላክኸው” ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ የአዋጁን ቁጥር ጥሩለት።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የታመመ ስልኩን ይዞ የመጣም ካለ ያሳየኝ፤ ፒኑን ግን ለእኔም ቢሆን አይንገረኝ።